ሁለት አሮጊቶች በአንድ መድረክ

ውድ ሽቦ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ብጀምር ትታዘበኛለህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ኖሬ አሁን ጤናህን ብጠይቅ ያምርብኛል? ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በዚያ ኮንሰርት የተሳሳትከው አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ። ይህንንም ያወቅሁት ዛሬ አይደለም፤ ያኔውኑ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የቤዝ ጊታሬን ገመድ እየጠቀለልኩ ሳለሁ ነው።

በእኛ የሮክ ባንድ ዘፈን በስሙ ተጠርቶ አያውቅም። አልበም ላይ የሚጻፈው ርዕስ ለሕዝቡ ነበር፤ ለእኛ «ጎማው» ነው፣ «ምራቴ» ነው፣ «ሁለተኛ ፎቅ» ነው። ያንተ ረጅም የጊታር መግቢያ ያለበትን ዘፈን «አሮጊቷ» ያልከውም ራስህ ነህ፣ እያረፈች ደረጃ የምትወጣ አሮጊት ይመስላል ብለህ። አባትህ ሲታመሙና ልታስታምማቸው ስትሄድ ያን መግቢያ የሚደፍር ጠፋ፤ ዘፈኑን ተውነው። በዚያው ሰሞን አንድ ፈጣን ዘፈን ሠራን። በተለማመድነው ቁጥር ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት ግድግዳውን በከዘራ እየደበደቡ መከራችንን ሲያበሉን ጊዜ እሱን «አሮጊቷ» ማለት ጀመርን። አንተ ሳትመለስ ባንዱ ፈረሰ። ስሙ ከዘፈን ወደ ዘፈን መዛወሩን የነገረህ የለም።

ከሃያ ዓመት በኋላ ተሰባስበን ለዚያ ኮንሰርት የተለማመድነው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ልንወጣ ሩብ ሰዓት ሲቀረን ድምፃዊያችን መጣና «አሮጊቷንም ጨምራት፤ እሷን ልምምድ ምን ያደርግላታል» አለኝ። እኔም በዘፈኖቹ ዝርዝር አራተኛው ቦታ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «አሮጊቷ» ብዬ ጽፌ ወረቀቱን ከየእግራችሁ ሥር ለጠፍኩት። የትኛዋ አሮጊት ብዬ አላሰብኩም።

አንተ የምታውቃትን ዝግተኛዋን ጀመርክ፤ ከበሮ መቺው የሚያውቃትን ፈጣኗን ጀመረ። እኔ የመኪና መንዳት አስተማሪ ስለሆንኩ እንዲህ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሰው አንድ መሪ ሲይዝ ማለት ነው። ከኮንሰርቱ በኋላ ድምፃዊው ላቡን እየጠረገ «ዘፈኑን እንኳ ረሳኸው?» አለህ። አንተ ጊታርህን ሳጥኑ ውስጥ አስተኛኸው፤ «ረሳሁ መሰለኝ» ብለህ በጓሮ በር ወጣህ። ነገሩ የበራልኝ ያን ጊዜ ነው። «ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ለማለት አምስት ሴኮንድ በቂ ነበር፤ ግን ገመዴን መጠቅለል ቀጠልኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ዓመት።

ከሁለት ወር በፊት ባለቤትህ ጥርሷን ልትታይ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ከበሮ መቺያችን ክሊኒክ ሄዳ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ምን እንዳለችው ታውቃለህ? «ጊታሩን የተወው የአባቱ የመርሳት በሽታ ጀመረኝ ብሎ ነው። እስከ ዛሬ የአንድ መስኮት መስታወት ሊቆርጥ ልኩን ሦስት ቦታ ይጽፋል።» ይህን የነገረኝ ከበሮ መቺው ነው። ሽቦ፣ እኔ ያሸከምኩህ የአንድ ቀን ሐፍረት መስሎኝ ነበር። አባትህ መጨረሻ ላይ አንተን «ልጄን አይተኸዋል?» እያሉ ይጠይቁህ እንደነበር እያወቅሁ፣ ያን ፍርሃት ትቼልህ ተኝቼ ማደሬን ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

በማግስቱ ያን ኮንሰርት የቀዳውን ባለሙያ አፈላልጌ አገኘሁት። የኮንሰርቱ ቅጂ አልበም ሆኖ ሲወጣ አንተ አልሰማኸውም፤ አይዞህ፣ ማንም አልሰማውም። አሳታሚው አራተኛውን ዘፈን ቆርጦ አውጥቶ የቀረውን በየሱቁ በተነው፣ እዚያው አቧራ ጠጣ። ቀጂው ግን ያልተቆረጠውን አስቀምጦት ነበር። መኪናዬ ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ ከፈትኩት።

የመጀመሪያው አርባ ሴኮንድ ትርምስ ነው፤ አልዋሽህም። አንተ ግን ንቅንቅ አትልም። ከዚያ ከበሮ መቺው ቀስ እያለ ወደ አንተ ምት ይወርዳል፣ እኔም ተከትዬ እገባለሁ። ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት ሕዝቡ ቀደመው። ያን ዘፈን ሃያ ዓመት ያልሰማ ሕዝብ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳያጓድል ዘፈነው። አንተ ይህን አልሰማህም፤ እግርህ ሥር ያለው ስፒከር የራስህን ጊታር ብቻ ይጮህብህ ነበር። ድምፃዊው ፊቱን ሲያዞር የተቆጣ መስሎህ ነበር አይደል? እያለቀሰ ነበር። ስንወጣ የተናገረህም ሰው ሲያለቅስ አይቶኛል ብሎ አፍሮ ነው፤ ትላንት በራሱ አፍ ነገረኝ። ቅጂውን አምስት ጊዜ ሰማሁት። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ጣትህ አንድም ቦታ አልሳተም። ዘፈኑን የረሳነው እኛ ነን፤ አንተ ብቻህን ነበርክ የምታስታውሰው።

ቅጂውን ይዤ ሬዲዮ ጣቢያ ሄድኩ። አዘጋጇ ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳትቆርጥ ለቀቀችውና «መጀመሪያ ላይ ምን ሆናችሁ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሁለቱን አሮጊቶች ታሪክ አገር እየሰማ ተናዘዝኩ። ስልኩ እረፍት አጣ። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር «መጨረሻ ፌርማታ ደርሰን ተሳፋሪው ዘፈኑ ሳያልቅ አንወርድም አለኝ» አለ። ድምፃዊያችንም ደወለ፤ መጀመሪያ የሚገባኝን ያህል ሰደበኝ፣ ከዚያ «አሁን የት ነው ያለው?» አለኝ። አሳታሚው አሁን ሙሉውን፣ ያንተን ዘፈን መክፈቻ አድርጎ ሊያወጣው ይለምነናል። ከነልመናው ይጠብቅ፤ አራተኛችን እሺ ሳይል አይሆንም ብለነዋል።

ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ የምጽፈው ከመስታወት ሱቅህ ፊት ለፊት ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። ደብዳቤውን በበርህ ሥር እንዳስገባው የመከረችኝ ባለቤትህ ናት፤ «ፊት ለፊት ካገኛችሁት ቀልዶ ያመልጣችኋል» አለች። ሦስታችንም እዚህ ነን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከበሮ መቺው ዛሬ የቀጠራቸውን በሽተኞች ሁሉ ሰርዞ ነው የመጣው። ድምፃዊው ከመኪና ከወረድን ጀምሮ አንዴ ሸሚዙን፣ አንዴ ፀጉሩን ያስተካክላል፤ ምን ያህል እንደፈራ አንተ ታውቃለህ። ይቅር ባትለኝ አልፈርድብህም፤ እሱን ግን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። ጭንቅላትህ ጤነኛ ነው፣ ወንድሜ። በሩን ክፈት።

ደጅ ጠኚህ፣
ቤዝ መቺው