ለአንድ የወረቀት ካፖርት የእሳት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለሺቻዎ ከተማ የጠራ ሰማይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለክቡር ሉዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኛ ቢሮዎ ሌት ተቀን የሚያስብልን ገበሬዎች፣ ከብርዱና ከሳሉ በቀር እጅግ ደህና ነን።

ስሜ ጓን ዴሹን ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ ባለችው መንደር ስንዴና በቆሎ አራሽ ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው በጨረቃ አቆጣጠራችን በመጪው የአሥረኛው ወር መባቻ፣ ለሟች ባለቤቴ ለዪንግላን አንድ የወረቀት ካፖርት እንዳቃጥል እንዲፈቀድልኝ ነው። በዚያ ቀን ለሙታን የሚሞቅ ልብስ ከወረቀት ሠርቶ በእሳት መላክ የአያቶቻችን ወግ መሆኑን ክቡርነትዎ አይስቱትም፤ ለእናትዎ ሲልኩ አይቻለሁና። ከልመናዬ በፊት ግን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. አምና ብርድ ሲገባ ሠራተኞችዎ የከሰል ምድጃችንን ነቅለው፣ ከሥሩ እሳት እያነደድን የምንተኛበትን የጭቃ መደብ አፍ በሲሚንቶ ስለደፈኑልን እናመሰግናለን። በምትኩ ግድግዳችን ላይ የተዘረጋው ቢጫ የጋዝ ቧንቧ ለዓይን ያምራል፤ ጋዙ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል። ሳንባዋ ከድሮም ደካማ የነበረው ዪንግላን፣ ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራርባ ተኝታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ቧንቧውን እቀፈው፤ ምናልባት ሰው ሲያቅፈው ይሞቅ ይሆናል» ትለኝ ነበር። እንዲህ እየቀለደች፣ ብርዱ ሳይወጣ ሞተች።

፪. በቢሮዎ ጣሪያ ላይ ያለው የአየር ብክለት መለኪያ እንዳይቆሽሽ፣ ውሃ የሚረጨው መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ሲያጥበው ስለሚውል ንጽሕናዎን አደንቃለሁ። መኪናው ግን የከተማው የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ጭስ ወደሚያርፍበት ወደ መንደራችን አንድም ቀን ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም። ባለቤቴ በተቀበረችበት ዕለት የመለኪያውን ውጤት የሚያሳየው የአደባባዩ ሰሌዳ «አየሩ እጅግ ጥሩ» ይል ነበር። አስከሬኑን ተከትሎ ሲያዘግም የነበረው ጎረቤቴ ሽማግሌው ባዎ ቀና ብሎ አነበበና፣ «ታዲያ ይህቺ ሴት በምን ሞተች ሊባል ነው? በጤና?» አለ። የሣቀ ሰው አልነበረም።

፫. አቧራ ሲነሣ ያረሳችሁት መሬት ነው፣ ስንዴ ሲታጨድ ገለባችሁ ነው፣ ብርድ ሲገባ ምድጃችሁ ነው ስለምንባል፣ የወቅቶችን መፈራረቅ ከእርስዎ ተምረናል። የማቅለጫው ጭስ ወቅት ስለሌለው ይመስለኛል ስሙ የማይነሣው።

፬. ባለፈው ሳምንት ቀይ የክንድ ጨርቅ ያሰረችው ተቆጣጣሪዎ፣ ቺን የምትባለው ልጅ፣ ካፖርቱን ስቆርጥ አግኝታኝ ብትወስደውም በትሕትና ነው የወሰደችው። «አጎቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው። ደግሞ እኮ አሁን በስልክ መላክ ይቻላል፤ ፎቶዋን ከፍተው የካፖርቱን ሥዕል መጫን ብቻ ነው፤ ጭስ የለው፣ ምን የለው!» አለችኝ። ለምክሩ አመሰግናለሁ። ይሁንና በቧንቧ ይመጣል የተባለው ሙቀት በሕይወት ሳለች ካልደረሳት፣ በስልክ ይሄዳል የተባለው ካፖርት ከሞተች በኋላ ይደርሳታል ብሎ ማመን አቃተኝ። በርዷት ነው የሞተችው፣ ክቡር ሆይ። አሁንም እንደበረዳት ነው የማስበው፤ እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሌላ ካፖርት ሠርቻለሁ። በመቃብሯ አጠገብ ላቃጥለው እለምናለሁ፤ መለኪያው እዚያ ስለሌለ ጭሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ የማቅለጫው ጭስ ሲቆጠር የኖረው እንዲሁ አይደል? ይህ ካላስደሰተዎ ጣሪያዎ ላይ ወጥቼ ከመለኪያው ሥር አቃጥለዋለሁ፤ እሳቱን የሚያጠፋው የውሃ መኪና እንደሆነ ከዚያ አይጠፋም። መልስ እንደማይመጣ ባውቅም፣ ጋዝ መጠበቅ ስላስለመዱኝ ይህንንም እጠብቃለሁ።

ሰሌዳዎ እንዳማረበት፣ ጣሪያዎ እንደራሰ እንዲኖር ከልብ የሚመኝልዎ፣ በደፈኑለት መደብ ላይ ቁጭ ብሎ የጻፈው
ጓን ዴሹን

ማስታወሻ፦ አዝመራው ከተሰበሰበ ወዲህ እኔም ማሳል ጀምሬያለሁ። ልጅ አልወለድንምና የሚልክልኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ የራሴንም ካፖርት ከእሷ ጋር አብሬ ሠርቻለሁ። በሚመጣው ዓመት ለማመልከት ላይመቸኝ ስለሚችል፣ ፈቃዱን ለሁለት ካፖርት ያድርጉልኝ።