ስድስት ቁጥር ያለባት ቅርፊት

አሌንቴዡ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1985

የሆዴ ልጅ ግራሳ፣

እንዴት ነሽልኝ? የፓሪስ ብርድ ጀመረሽ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን።

«ከምርጫው በኋላ ሥራዬን ለቅቄ ልምጣ ወይ?» ላልሽኝ መልስ ልሰጥሽ ነበር የተቀመጥኩት። እጄ ግን እየፈራ ወደ ሌላ ወሬ ይሄድብኛል።

ዘንድሮ የቡሽ ዛፎቹ ቅርፊት ተላጠ። ትዝ ይልሻል፣ መሬቱ የማኅበራችን በሆነ ጊዜ፣ በሰባ ስድስት፣ አባትሽ ሲልጥ አንቺ ከኋላው እየተከተልሽ የዓመቱን መጨረሻ ቁጥር፣ «6»ን፣ በነጭ ቀለም ግንዱ ላይ ትጽፊ ነበር። መልሶ የሚያድገው ቅርፊት በዘጠኝ ዓመቱ ሲደርስ እንደገና ልንልጥ። ደረሰ። መሬቱ ግን በሕግ ወደ ድሮው ባለርስት ልጅ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው። መንደራችን ውስጥ በየምርጫው የእኛው ፓርቲ ነው የሚያሸንፈው፤ አገሩ ግን ከመንደራችን ይሰፋል። አባትሽ የገዛ ዛፎቻችንን በቀን ሠራተኛነት ተቀጥሮ ላጠ።

የባለርስቱ ልጅ ጥላ ሥር ቆሞ፣ «ዣሲንቶ፣ በምርጫ የሚመጣ መንግሥት አራት ዓመት አይሞላው፣ ቡሽ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ይፈልጋል። ምን ይሻላችኋል?» ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀ አሉ። አባትሽም ሳቀ።

ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ዛፍ ሲደርስ ግን፣ ያቺ የተንጋደደች ስድስትሽ ካለችበት፣ መጥረቢያውን ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ሰደደው። ዙሪያዋን ቆርጦ አወጣት፤ ዛፉ ቆሰለ። ዛፍ አቁስሎ የማያውቅ ሰው! በዚያው ተባረረ። «እጄን አዳልጦኝ ነው» አለኝ። ቅርፊቷን ግን ኮቱ ውስጥ ደብቆ ነው ይዟት የመጣው። ያ ቦታ ከእንግዲህ ለማንም ቡሽ አያበቅልም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ያስፈራኛል። የተላጡት ዛፎች ቀያይ ሆነው፣ ልብሳቸውን እንደተገፈፉ ሰዎች ኮረብታው ላይ ቆመው ወደ ወጥ ቤታችን ያያሉ። አባትሽ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። እራት ላይ ማንኪያውን ያስቀምጥና «ስሚ፣ እየላጡ ነው» ይለኛል። ላጮቹ ከሄዱ ወር አልፏቸዋል። አሁን አሁን እኔም መስማት ጀምሬያለሁ።

ለምርጫው የሚለብሰውን ሱፍ ከአሁኑ አስተኩሶኛል። «ደግሞ ምን ሊያመጣልህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንቺ ሴት፣ እኔ ከቀረሁማ እነሱ ብቻቸውን ሊመርጡ ነው» አለኝ። ቅርፊቷን አልጋው ራስጌ አቁሟታል። «እንዳትነኪያት! ግራሳ ስትመጣ ታያታለች።»

የጎረቤታችን የአውጉስታ ልጅ ነገ ወደ ፓሪስ ይመለሳል። ቅርፊቷን በሹራብ ጠቅልዬ በእሱ ልኬልሻለሁ፤ እዚያው ሆነሽ እያት። አባትሽ ሲጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም። ቋሊማም አለበት፤ ሳይበላሽ ብይው።

እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ። ደርበሽ ልበሺ። ሥራሽን አጥብቀሽ ያዢ።

እናትሽ ኩስቶዲያ