በአውሮፕላን አንድ ሰዓት

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ጎረቤቴ የሺዋስ መጣ። ልጁ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ሊሄድ ነው፤ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ ጠየቀኝ። ካርታዬን ዘረጋሁ፣ ርቀቱን በክር ለካሁ፣ አባዛሁ፣ አካፈልኩ። አንድ ሰዓት ግድም። «ትምህርት ቤት ሳይገቡ!» እያለ ተደነቀ። ደስ አለኝ፤ ፊቴን ግን አልፈታሁም። ተሳፍሬ አውቅ እንደሆነ... አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 15
የእህቴ የፍቅርአዲስ ልጅ ጌቱ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሐኪሞቹ እናቱ ብዙ ቀን የላትም ብለዋል። «ጋሼን ጥሩልኝ» ትላለች። ለቅዳሜ ከባሕር ዳር የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦልኛል።
እምቢ አልኩ። ስሌቱን ጽፌ አነበብኩለት። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በመኪና አምስት ሰዓት። አውሮፕላን ማረፊያ ቀድሞ ለመድረስ ሁለት ሰዓት። በረራው አንድ ሰዓት። ከተማ ውስጥ አንድ ሰዓት። ድምሩ ዘጠኝ። በአውቶቡስ በደጀን በኩል ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ስምንት ሰዓት። አዲስ አበባ ለመሄድ ምን ሆኜ ወደ ኋላ እመለሳለሁ?
«ጋሼ፣ የዓባይን መንገድ ምን ያምኑታል...» ሲል አላስጨረስኩትም።

ዓርብ፣ ጥር 16
ጌቱ ቲኬቱን መለስኩት አለኝ። ሳይከራከር። እንዲህ በቀላሉ? ስሌቱ አሳምኖት ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥር 17፣ ደጀን
ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆመናል። ጌቱ ሦስት ጊዜ ደወለ። «የት ደረሰ እያለች ነው።» ደጀን። ደጀን። ደጀን።
አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ላይ ያርፍ ነበር። አሁን ይሄን ለምን አሰላለሁ?

እሑድ፣ ጥር 18
ለቀብሩ ደረስኩ። ለእሷ አልደረስኩም።
ትናንት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አረፈች። በአውሮፕላኑ ብመጣ አሥራ አንድ ላይ አጠገቧ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ...

ረቡዕ፣ ጥር 21
ለቀስተኛው ሁሉ «መንገድ ተዘግቶ ነው እንጂ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» ይለኛል። ራሴን ነቅንቄ እቀበላለሁ። ውሸታም።
በዚያ ስሌት ውስጥ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ፈርቼ ነው። የሰባ አራት ዓመት ሰው... በትውልድ አገራችን በቁይ ልጆች ሳለን እሷ ሾላ ላይ ወጥታ ትለቅም ነበር። እኔ ከታች ቆሜ የወረደውን እቆጥራለሁ። የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል እል ነበር። ማን ቁጠር አለኝ?

ዓርብ፣ የካቲት 21
ጌቱ ስለ አርባዋ ደወለ። እንደ ምንም ነገርኩት። ስሌቱ ሰበብ ነው፣ ፈርቼ ነው አልኩት።
«አውቃለሁ ጋሼ። ቲኬቱን መልሰው ያለችኝ እማዬ ናት። ‹ከልጅነቱ ከፍታ ይፈራል፤ እንዳታሳፍረው። በመኪናው ይምጣ፣ እጠብቀዋለሁ› አለችኝ።»
ስልኩን ዘጋሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25
ይሄን ሰማይ ላይ ሆኜ እየጻፍኩ ነው። ባሕር ዳር አድሬ፣ ቲኬቱን ራሴ ቆርጬ። ፊደሉ ከመስመር ወጥቷል። ወደ መስኮቱ አልዞርኩም።
አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጽሑፌን አየችና «አባባ፣ ፈሩ እንዴ?» አለችኝ።
«አዎ» አልኳት።
እጄን ያዘችልኝ... ግራዬን ነው የያዘችው፣ በቀኜ እንድጽፍ።
መውረድ ጀመርን። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም።