በሁዳዴ የተመረመረ ሥጋ

ሀገረ ሕይወት፣ መጋቢት 2 ቀን 1957
ሳይንስ አስተማርሁ። ሰው፣ በሬና ሣር ከአንድ ዓይነት ነገር ተሠርተዋል ብል ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ማታ ከቤት አከራዬ ከእትዬ ሮማነወርቅ ጋር ሽሮ። አንድ ትሪ። በዚህ ከተማ የማወራው ከሳቸው ጋር ብቻ ነው... ለሌላው አስተምራለሁ እንጂ አላወራም። "ዛሬ ምን አስተማርክ?" ይላሉ። መልሱን ሳይሰሙ፣ "ብላ እንጂ!" ለእኔ ይበቃል።

መጋቢት 7
ርእሰ መምህሩ ጠሩኝ። ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር ይመጣል። ሥጋ መርምረህ አሳየው አሉ፤ ውሃውን፣ ፕሮቲኑን፣ ስቡን፣ አመዱን።
"ጌታዬ፣ ሁዳዴ ነው እኮ።"
"ሳይንስ ይጾማል እንዴ?"
ሳይንስ አይጾምም። ሥጋ ቤቱ ግን ይጾማል። ቢላዋውን ያልሰቀለ እስላሙ ሥጋ ሻጭ ረዲ ብቻ ነው። የእስላም ሥጋ፣ ያውም በሁዳዴ፣ በክርስቲያን እጅ! በአንድ ጉዞ ሁለት ኃጢአት... መቼም ለሥራ ትጉ ነኝ።

መጋቢት 9
ረዲ በዓይኑ ጠቀሰኝ። "ለራስዎ ነው፣ ጋሼ?"
"ለምርመራ።"
"እሺ። ለምርመራ ከሆነ ለስላሳውን ልስጥዎ።"
ካፖርቴ ሥር ደብቄ ወጣሁ። ለውሾቹ ማን ነገራቸው? ሁዳዴ ከገባ አጥንት ያላዩት ሁሉ ተሰለፉ። እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ፣ እንደ ንግሥ በዓል ገበያውን አቋርጠን አለፍን። አንዲት መነኩሲት አማተቡ።

መጋቢት 10
ሥጋውን ከትፌ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ማድረቂያው ውስጥ ከተትሁ። ከአራት እጅ ሦስቱ ውሃ ሆኖ ተገኘ። ውሃው ወጣ። ሽታውም ወጣ። ለካ ዘጠኝ ሰዓት ኖሯል... ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ አስቀዳሽ ሁሉ በመስኮቴ ሥር ያልፋል! ዘበኛው ኦቦ ጉደታ ብቅ አለ።
"አካም ኦልቴ፣ መምህር። ሰዎቹ፣ ጥብሱ ደረሰ ወይ ይሉሃል።"

መጋቢት 11
እራቴ በትንሽ ሳህን ክፍሌ ድረስ መጣ። ለብቻዬ።
"እትዬ፣ ለምርመራ እኮ ነው።"
"በሆድ የሚመረመር ምርመራ አላውቅም። ይብሉ። ለፋሲካም ሌላ ቤት ይፈልጉ።"
አንቱ አሉኝ! እንደዚህ ተከብሬ አላውቅም... ምነው ባልተከበርሁ።

መጋቢት 14
ስቡን ኤተር በሚባለው ፈሳሽ አጥቤ አወጣሁ። ሌላውን በሰልፈሪክ አሲድ ቀቀልሁ፤ ፕሮቲኑ ከናይትሮጅኑ ይሰላል። ኦቦ ጉደታ አፍንጫውን ያዘ። "ይህን የበላ ሰው ለንስሐ አይደርስም።"
"ይህንኑ ሂድና ለእትዬ ንገርልኝ።"
"እኔ የምይዘው ሌባ ነው። እሳቸውን አልችልም።"

መጋቢት 15
ራሴን ብመረምርስ? ውሃ፣ ሦስት እጅ። ስብ፣ የለም። አመድ፣ ጥቂት። የቀረው ዝምታ... እሱ በምን ኤተር ይታጠባል?

መጋቢት 17
ኢንስፔክተሩ ቀረ። መኪናው ጊንጪ ላይ ተሰብሮ ተመለሰ አሉ። የጀመርሁትን ልጨርስ ብዬ የቀረውን ደረቅ ሥጋ አቃጠልሁ። ከቅዳሴ መልስ በሩ ተበረገደ። እትዬ ሮማነወርቅ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ!
"የታል ምጣዱ? እጅ ከፍንጅ ልይዝዎ ነው የመጣሁት!"
ምጣድ ከየት ይምጣ... ከእሳቱ ውስጥ ትንሿን ሲኒ በመቆንጠጫ አወጣሁ። ጎንበስ ብለው አዩ። ቁንጣሪ አመድ።
"ሥጋውስ?"
"ይኸው።"
"ያ ሁሉ?"
"ውሃው ተነነ። ሌላው ተቃጠለ።"
ቀና ብለው አዩኝ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ... ሞኝ!
"አልበላህም?"
"አልበላሁም።"
"ለውሻም አልሰጠህ?"
"አልሰጠሁም።"
"ከመብላቱ ይብሳል! ያ ሁሉ ውሻ ምራቁን እያዝረበረበ ተከትሎህ፣ አንተ ለእሳት አበላኸው? ግፈኛ! ንስሐህን እኔ እሰጥሃለሁ። ለፋሲካ ውሾቹን ታበላለህ!"
እስከ ቤት ድረስ ሰደቡኝ። ጆሮዬ እንዴት ጠገበ...

ሚያዝያ 17፣ ፋሲካ
ንስሐዬን ፈጸምሁ። አጥንት ተሸክሜ ወጣሁ፤ ውሾቹ እንደገና ተሰለፉ። እትዬ ከበራቸው ቆመው ያዝዙኛል፦ "ለዚያ ለአንካሳው! እሱን ደግሞ ረሳኸው!"
ከዚያ ትሪው ቀረበ። አንድ ትሪ። ሌላ ቤት የሚባል ነገር አልተነሣም። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡ።
"እትዬ፣ ይኼ እኮ ከአራት እጅ ሦስቱ..."
"ዝም ብለህ ዋጥ!"
ዋጥሁ።
የዛሬ ውጤቴ... ውሃ፣ ሦስት እጅ። ስብ፣ በዝቷል። ዝምታ፣ ለምልክት ያህል።