የእትዬ ባይነሽ ብርድ ልብስ

ሚያዝያ 12፣ ሸዋ ሮቢት

እኔ ኃጢአተኛዋ ሜሮን የአራስ ልጅ ብርድ ልብስ መስረቄን እናዘዛለሁ።

አራሷ እህቴ ለአጎበር ያስቀመጠችውን ብር፣ ከጣርማ በር ሊጠይቋት የመጡት አክስታችን እትዬ ባይነሽ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዙበት። "ሕፃን የሚገድለው ብርድ ነው!" ይላሉ። እዚህ ሮቢት ዶሮዋ እንኳ ጥላ ውስጥ ታለከልካለች! የአገራቸውን ጉም በመቀነታቸው ቋጥረው የመጡ ነው የሚመስለው። የልጁ አንገት በላብ ሽፍታ ሆኗል፤ ማታ ደግሞ ቢምቢ ይበላዋል። እህቴ "ለትልቅ ሰው መልስ አይሰጥም" ብላ ታለቅሳለች።

አንጀቴ አረረ። እሳቸው ሲያሸልቡ ብርድ ልብሱን ሱቅ መልሼ በአጎበር ለወጥኩት። ልጁ አሁን ውስጡ እጁን ዘርግቶ ተኝቷል። እትዬ ሲነቁ "ብርድ ልብሱን አጥቤ አስጥቼዋለሁ" አልኳቸው። "እደጊ" ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ ይያዝልኝ ይሆን ወይስ...

"አንቺ ሜሮን! ገመዱ ላይ ያለው የአባትሽ ሱሪ ብቻ ነው!"