መሃሉ ላይ አትቁሙ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ሲያቃስት የቆየው የመሬት መሰርሰሪያው ሞተር ድንገት ቀለለው። እኔ በአንድ በኩል፣ የሥራ ባልደረባዬ ኢብራር በሌላ በኩል እጀታውን ይዘን፣ እንደ ሁልጊዜው በደረታችን ተጭነን እየገፋን ነበር። መሬቱ ለቀቀውና ብረቱ በራሱ ጊዜ ቁልቁል ሄደ። እጀታው ዞሮ መንጋጋዬን መታኝ፤ ኢብራር በትከሻው ወደቀ። ሞተሩ የሚሰረስረው ነገር አጥቶ በባዶ ይጮህ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ያኔ ነው እማዬ፤ ለዚህ ነው ከዚያ የጀመርኩልሽ።

ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን እንደማትወጂው አውቃለሁ። እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ የእምድብርን ብርድ ቻለው? አክስቴ ብዙነሽ መዋጥ ጀመረች? ሾርባውን ትመልሰዋለች ካልሽኝ ወዲህ ሐሳብ ይዞኛል። እኛ ጤና ነን። ወንድሜ ብሩኬ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነው፤ ልጁን ለእኔ ትቶ ጅማ ወርዷል። ርሆቦት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትዘምር በክፍተቱ ትንፋሽ ያመልጣታል፤ እሷ ግን ሆን ብላ የምታደርገው ይመስል ትኮራበታለች። አያቴ መቼ ነው የምትመጣው ብላ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኔም ይህንኑ ልጠይቅሽ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ማኑሄ ነው፤ ዕቃ ሊጭን ወደዚያ ይወርዳል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን ስለ ሜዳው ባነሳሁ ቁጥር ወይ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ወይ ስልኩን ለአክስቴ ትሰጫታለሽ፤ መናገር ለማትችል ሴት። ወረቀት ግን አይቋረጥም። መነጽርሽን አድርገሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

መሣሪያውን አይተሽው አታውቂም። የሰፈር ልጆች «የመሬት ትራፓኖ» ይሉታል፤ አልተሳሳቱም። ረጅም ብረት ነው፣ ዙሪያውን ስለት እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተጠመጠመበት። ሞተሩ ሲያዞረው እየተሽከረከረ ይገባል፣ አፈሩንም በዚያ ጥምዝምዝ ላይ ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣዋል። ከታች ያለውን ሳንቆፍር የምናየው በዚህ ነው። ሞተሩ ሲያቃስት እኛ ደስ ይለናል፤ መሬት ከታገለን ቤት ይሸከማል ማለት ነው።

ወንድምሽ ጋሼ ገብረወልድ ለቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መሥሪያ የሰጡት የቤተሰባችን ሜዳ በአራቱም ማዕዘን ታግሎናል። ቀይ አፈር፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ሥር ኢብራርን ያሳደበ ደረቅ መሬት። መሃሉ ግን የመድረኩ ቦታ ተብሎ ካስማ የተተከለበት ነው። መሬቱ በተባረከበት የጸሎት ቀን ፓስተሩ በሩ ጋ ዘይት ሊያፈስ ሲል ጠርሙሱን ከእጁ ተቀብለው ወደ መሃል የሄዱት ጋሼ ናቸው። መድረኩ የሚቆመው እዚህ ነው ብለው አፈሰሱት። ያኔ አክብሮት መስሎኝ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ለሥራ ስንመጣ ገና ዕቃ ሳናወርድ ጠሩኝ። ዘይት የፈሰሰበትን መሬት በብረት አይወጉትም አሉኝ። ከሁሉ የሚከብደው እዚያ ነው የሚያርፈው፣ እሱን ሳላይ ሥራዬን ጨረስኩ ማለት አልችልም ስላቸው ሳቁብኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም አብረው ሳቁ። ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ ካስማውን ነቀልኩት።

እጀታው ከመታኝ በኋላ ብረቱን በገመድ አስረን አወጣነው። ኢብራር መንገድ ዳር ከቆመ ታክሲ መስታወት ተውሶ የፀሐይ ብርሃን ወደ ቀዳዳው ወረወረ፤ ብርሃኑ ወርዶ የሚያርፍበት አጣ። ጠጠር ጣልኩ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ሳይሰማ ቀረ ብለን ቀና ስንል ነው ከታች ኳ ያለው። ኢብራር፣ «ይሄ መሬት አይደለም፣ ክዳን ነው» አለኝ። በሥራ ላይ ሳለ ሳይቀልድ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የዚያኑ ቀን ደወልኩልሽ፣ ትዝ ይልሻል? መንጋጋዬን ሲሰፉት ሥሬ ቁጭ ብሎ እጄን የያዘኝ ኢብራር እንደሆነ ነገርኩሽ፤ ያውም ትከሻው ተጎድቶ፣ በአንድ እጁ። በሜዳው መሃል ስንሰረስር ነው አልኩሽ። ከዚያ «አመመሽ?» አላልሽኝም። «ምን ወጣ?» ነው ያልሽኝ።

አፈር ነው ብዬ ዘጋሁት። ለምን እንደዋሸሁሽ ያኔ አላወቅኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሌላ ሰው ሰምተሽው ይሆናል፣ በእነሱ አፍ። አለቃዬ አቶ ይገዙ ከጋሼ ጋር በስልክ ተነጋግረው ሲጨርሱ አስጠሩኝ። ብረቱ የወረደው ማሽኑ ስለተንሸራተተ ነው አሉኝ። ማሽኑ ሲንሸራተት ድንጋይ ከታች ኳ አይልም አልኳቸው። ደንበኛው ያዘዘው አራት ጉድጓድ ነው፤ «አምስተኛው የግልሽ ነው» ብለው ከሥራ አገዱኝ። ቃሉ እንዴት እንደወጣ እንጃ፤ አሁን ጦር ኃይሎች ታክሲ ስይዝ ረዳቱ ሳይቀር የግል ጉድጓድ ያላት መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት ይላል። ይሁን፣ ለሱ እመልስለታለሁ፤ አፍ እንዳለኝ ታውቂያለሽ።

ያልቻልኩት የረቡዕ ጸሎቱን ነው። ጋሼ ማይክሮፎኑን ያዙና እህታችንን ትምህርት ነፍቷታል፣ የሽማግሌ ቃል ረግጣ የተቀደሰውን ወግታለች፣ የትዕቢት መንፈስ ይዟታል፣ እንጸልይላት አሉ። መሃል አቆሙኝ። ስንት እጅ እንደተጫነብኝ አላውቅም። የአንዷ ክንድ የተሰፋው መንጋጋዬ ላይ አርፎ ነበር። አላለቀስኩም እማዬ፤ ባለቅስ መንፈሱ ወጣላት ሊሉ ነው። እትዬ አልማዜ ብቻ ጆሮዬ ሥር፣ እኔ የምጸልየው ለመንጋጋሽ ነው አሉኝ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ እዚያ ጸሎት ቤት ሁለተኛ አልገባም ነበር።

ስወጣ በር ላይ ጋሼን አገኘኋቸው። «ያስተማርኩሽ መሬቴን እንድትወጊ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ የተማርኩት እሱኑ ነው አልኳቸው። አስተምረውኛል፣ አልክድም። አባዬ ካረፈ ጀምሮ ያልተራብነው በእሳቸው ነው፤ ይህን ስትነግሪኝ ነው ያደግኩት። ግን ቀዳዳውን በአፈር ደፍነው ምንጣፍ እንዳነጠፉበት ርሆቦት ነግራኝ ስለነበር ልለፈው አልቻልኩም። እሁድ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል። የሕፃናት መዘምራን እዚያ ምንጣፍ ላይ ቆመው ይዘምራሉ። የእኛዋም የፊት መስመር ላይ ናት፤ ቀሚሷን ሰፍተው አምጥተውላታል፣ ገና ካሁኑ ለብሳው ካልተኛሁ ትላለች። ሕፃናት እንዴት እንደሚዘምሩ ታውቂያለሽ እማዬ። ይዘላሉ።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ተቆጡ። «ስንት ዘመን ላም ሲቆምበት የቻለ ሕፃናትን አይችልም?» አሉኝ።

«ምኑ ነው የቻለው?» አልኳቸው።

ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዝናቡ ጀምሯል፤ አፈር ሲርስ ይከብዳል፣ እንጨት ሲርስ ይበሰብሳል። ትንሽ ባካፋ ቁጥር ሮጬ አጥሩ ጋ እሄዳለሁ፣ ቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ ዓይኔን ለጥፌ ምንጣፉ እንዳለ አይቼ እመለሳለሁ። ምን ልጠብቅ እንደምሄድ እኔም አላውቅም። ወረዳ ሄጄ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤትሽ ወረቀት አምጪ አሉኝ፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ አግዶኛል። ፓስተሩን ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቂዋለሽ። ጋሼ አንድ ይላሉ፣ አንቺ ሌላ ትያለሽ፣ እኔ በማን ቃል ልያዝ አለኝ። መሬቱን ከድሮ የሚያውቅ የቤተሰብ ሰው አንድ ቃል ቢናገር ፕሮግራሙን አቆማለሁ አለኝ። ከጋሼ ሌላ መሬቱን ከድሮ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው።

እማዬ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ኳስ ስንጫወት ትዝ ይልሻል? ዳር ዳሩን ነበር የምንጫወተው። ኳሷ ወደ መሃል ከገባች ማናችንም አንሄድም፣ አንቺን እንጠራለን። አንቺም ያን ረጅም አጠና ይዘሽ ትመጪና ከዳር ቆመሽ፣ ተንጠራርተሽ፣ እየገፋሽ ታወጪልን ነበር። መሃሉ ላይ አትቁሙ፣ እባብ አለ ትይን ነበር። ብሩኬ እባቡን ለማየት ስንት ቀን አድብቷል። እኔ ደግሞ ሌሊት በሕልሜ አየው ነበር፣ ወፍራም፣ ተጠምጥሞ ቁልቁል የሚወርድ። አንድም ቀን ግን ሜዳው ላይ አላየነውም። አንቺም እዚያ መሃል ስትቆሚ አንድም ቀን አላየሁሽም።

አሁን ምን እንደወጣ ልንገርሽ። ብረቱ ጥምዝምዙ ላይ የዛገ ቆርቆሮ፣ እንደ ቂጣ የሚፈረፈር የአጠና ስብርባሪ፣ እና በስለቱ የተጠቀለለ ፕላስቲክ ይዞ ወጣ። ኢብራር ትከሻውን ይዞ ስለነበር ፕላስቲኩን አላየውም፤ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ቤት ወስጄ አጠብኩት። አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ የወይን ዘለላ አለበት። የቤት ወለል ላይ የሚነጠፈው ፕላስቲክ ነው። ጓዳ ውስጥ ከውኃው በርሜል ሥር ያነጠፍሽውን ቁራጭ አውጥቼ ከጎኑ አስቀመጥኩት።

በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። የድሮ ቤታችንን ወለል መቼ እንደቀየራችሁትም አልጠይቅሽም። ግማሹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ፤ ግማሹ እኔ ጋ ነው። ለፓስተሩ አላሳየሁም። ለኢብራርም፣ ለብሩኬም አላሳየሁም። ባሳይ ኖሮ ያን ረቡዕ ማንም እጁን አይጭንብኝም ነበር። ማን ይሙት፣ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሲጸልዩልኝ በጣቶቼ ይዤው ነበር።

ልፈርድብሽ አይደለም። ሁለት ልጅ ይዘሽ፣ ባል ሞቶብሽ፣ ከሚያጎርስሽ ወንድም ጋር መጣላት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አላውቅም። እሳቸውም ሲሰጡት ክፉ አስበው አይመስለኝም፤ አሮጌውን ጉድጓድ ከድነው ደልድለውት፣ ሣር በቅሎበት፣ ረስተውት ይሆናል። ከተመሰገኑ በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፍቷቸው ይሆናል። ይህን ሁሉ ለእሳቸው አስቤላቸዋለሁ። ስለ ርሆቦት ግን ያሰበ የለም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ማኑሄ ይህን ሲሰጥሽ እሁድ ገና አይደርስም። መምጣት ብትችዪ ነይ። ካልቻልሽ ለፓስተሩ ደውዪ፤ ቁጥሩ ስልክሽ ላይ አለ። ምክንያት መዘርዘር የለብሽም፣ ማንንም በስም መጥራት የለብሽም። መሃሉ ላይ አትቁሙ በያቸው። ለእኛ ትይን የነበረውን፣ እባቡን ትተሽ። ዘይቱን ሌላ ቦታ ያፈሳሉ፣ ጉድጓዱንም በድንጋይ ይሞሉታል፤ አዳራሹም ይሠራል፣ አንቺም ገብተሽ ትዘምሪበታለሽ።

ስልኩ ዝም ካለ እሁድ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ እገኛለሁ። ምንጣፉን እጠቀልለዋለሁ፤ ኢብራርም በደህናው እጁ ሊያግዘኝ ቃል ገብቷል። ከዚያ ያለኝን ግማሽ ቁራጭ ለሁሉም አሳያለሁ። የማን ቤት ወለል ነው ብለው ሲጠይቁኝ አልዋሽም። እዚያ እንዳልደርስ ስልኩን ከእጄ አላወርድም፤ ስበላም፣ ስታጠብም ይዤው ነው የምዞረው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። አክስቴን ምሮ ሁለታችሁንም በሰላም ያገናኘን። መንገድሽን ሁሉ ይጠብቅልኝ፣ እድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቤቱ ያለ አንቺ ቀዝቅዟል። ርሆቦት እጅሽን ትስማለች፤ ጥርሷን ለአንቺ አስቀምጣዋለች።

ስድቡን እችላለሁ፣ እገዳውንም እችላለሁ፣ በጸሎት ስም የሚጫንብኝን እጅም ችያለሁ። አንድ ነገር ግን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ከአንቺም ቢሆን፣ ስለምትወጂኝም ቢሆን። እባብ አለ እንዳትይኝ።

የምትወድሽ፣ የምትጠብቅሽ ልጅሽ
ከኮልፌ