ወፍራሙ ዘይት

ኅዳር 4

ዛሬም እንደ ሌላው ቀን። ሁለት ፍሬን፣ አንድ ራዲያተር፣ አንድ ነዝናዛ የታክሲ ሹፌር። ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ያቺን ዝቅ ያለች ጥቁር ስፖርት መኪናዋን ይዛ መጣች። በር ላይ ስትደርስ ጋራዡ በሙሉ ሥራውን ጥሎ ያያል። ከእኔ በቀር ማንም ኮፈኗን እንዲከፍት አትፈቅድም። አለቃዬ በዚህ ይኮራል። እኔም... ትንሽ።

"ዘይቷ ይቀየር" አለች። "ምን ዓይነት ይሻላታል? እኔ አላስቀምጣትም፣ በየቀኑ ነው የምነዳት። ጠዋት በብርዱ አስነስቼ ወደ ሆስፒታል፣ ቅዳሜ ደግሞ አውራ ጎዳናው ላይ ትንሽ እረግጣታለሁ።"

"አንብቤ ልንገርዎት" አልኳት። አላፈርኩም። ያላወቁትን አንብቦ መናገር ምን ያሳፍራል?

ኅዳር 5

የመኪናዋን መጽሐፍ ቤት ወስጄ አነበብኩ። ባለቤቴ "ለእኔ ደብዳቤ እንኳ እንዲህ አተኩረህ አታውቅም" አለች። እውነቷን ነው።

ነገሩ ግልጽ ነው። ዜሮ አርባ የሚሉት ዘይት፣ ሙሉ ሲንተቲክ፣ በፋብሪካ የተቀመመ። በብርድ ጊዜ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲግል ደግሞ ጉልበቱን አይጥልም። ይህ ሞተር ቱርቦ አለው፤ ዘይት ሳይደርሰው መዞር የለበትም። ጣሳው ላይ ያለው የፈቃድ ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር አንድ ይሁን። የምትረገጥ መኪና ስለሆነች ደግሞ መጽሐፉ ካለው ኪሎ ሜትር በግማሹ ይቀየር። ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት።

"አንተ ካልክ አለቀ" አለች።

ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ኅዳር 8

ዘይቱ መጣ። ባይመጣ ይሻል ነበር።

ክዳኑን ስከፍት ጋሼ መጡ። አርባ ዓመት በዚህ ሙያ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው። "ጆሮው" እንላቸዋለን፤ ሞተር ገና በር ላይ ሳለ ሰምተው በሽታውን ይናገራሉ። ይናገሩ ነበር... አለቃዬንም እኔንም ከመሬት አንስተው ሰው ያደረጉን እሳቸው ናቸው። እኔ ዛሬ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለእሳቸው ግን አሁንም ልጅ ነኝ። ጠብታውን በሁለት ጣታቸው አሹት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ዜሮ አርባ ነው፣ ጋሼ።"

"ይሄማ ውሃ ነው! ይሄን የመሰለ ኃይለኛ ሞተር በውሃ ልትገድል ነው? ሃያ ሃምሳ አምጣ። ኃይለኛን የሚችለው ወፍራም ነው።"

"መጽሐፉ ግን ጠዋት በብርዱ ቀጭን ነው የሚለው..."

"መጽሐፉ!" ሳቁ። "ኑማ ስሙ! መጽሐፍ አለው አሉ! ማነው ያስተማረህ? መጽሐፉ ነው?"

ሁሉም ዞሮ አየን። ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ተሳስተዋል" ልበላቸው? ሰሞኑን አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ሰው እንዳይነቃባቸው እፈራለሁ።

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ሄጄ ወፍራሙን አመጣሁ። በገዛ እጄ አፈሰስኩት። እሳቸው ወጣ ሲሉ እቀይረዋለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ሳይወጡ ዶክተሯ መጣች። ቁልፉን ሰጠኋት።

ኅዳር 9

ስልኩን አነሳሁ። አስቀመጥኩ። ደውዬ ምን እላታለሁ? ያልኩሽን ትቼ ሌላ ሞላሁብሽ?

ኅዳር 24

ብርዱ ጠነከረ። ጠዋት ጠዋት እሷን አስባለሁ። መኪናዋን ማለቴ ነው። ያ ወፍራም ዘይት ታች ተኝቶ፣ ላይኛው ብረት ደርቆ ሲፋጭ... ይሉኝታ ይህን ያህል ይከብዳል? አንድ ስልክ ነው እኮ። አንዲት ስልክ።

ታኅሣሥ 1

ዶክተሯ መጣች። "ጠዋት ሳስነሳት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ" አለች። አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

"ጤነኛ ናት" አሉ።

እኔ ከአሥር እርምጃ ላይ ይሰማኝ ነበር። እሳቸው ጆሯቸውን አስጠግተው አልሰሙም። ከመኪናው በላይ ለእሳቸው ደነገጥኩ። "ቅዳሜ ያምጧት፣ ተረጋግቼ ላያት" አልኳት። ለምን ቅዳሜ? ለምን አሁኑኑ አላልኩም? ቅዳሜ ጋሼ አይገቡም፣ ለዚያ ነው።

ታኅሣሥ 3

ቅዳሜ አልደረሰም። አውራ ጎዳናው ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። ከኋላዋ የነበረው ከባድ መኪና ለጥቂት ስቷታል። ደውላልኝ ስደርስ የመንገዱ ዳር ብረት ላይ ተቀምጣ ነበር። የሰው ሆድ የሚከፍቱ እጆች ናቸው፤ የውሃ ጠርሙስ መክፈት አቅቷቸዋል። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ትላለች፣ እኔ ሳልጠይቃት።

አፈር ልብላ።

ታኅሣሥ 5

ሞተሩን ፈታነው። ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል። ብሮንዚኖቹ፣ ዘንጉ የሚዞርባቸው ስስ ብረቶች፣ ተልጠው አልቀዋል። አለቃዬ ጣቱን ነክሮ አየና "ሃያ ሃምሳ ነው ይሄ። ማነው ያፈሰሰው?" አለ።

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። የፈሩ መሰለኝ። አርባ ዓመት ያልተሳሳቱ ሰው... በዚህ ዕድሜያቸው በሰው ፊት ሊዋረዱ ነው?

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም። በራሴ ነው።"

ውሸትም አይደለም። ያፈሰሰው የማን እጅ ነው?

ታኅሣሥ 6

ማንም ሰላም አላለኝም።

ታኅሣሥ 8

ዶክተሯን ቢሮ ውስጥ አገኘኋት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"በስልክ ቀጭኑ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

"ነኝ።"

"ታዲያ?"

"ተሳስቼ ነው፣ ዶክተር።"

"ሰው የማያውቀውን ነው የሚሳሳተው" አለች። "አንተ ታውቅ ነበር።" ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ልክ ነች።

ታኅሣሥ 10

ተባረርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ሳጥን ገባ። ባለቤቴ መፍቻዎቹን አይታ አልጋ ሥር ቦታ አመቻቸችላቸው። ስታለቅስ ግን ከወጥ ቤት ሰማኋት።

ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። ለእሷም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ፣ ጋሼ ያሰሩትን ብሎን ሁሉ መኪናው ከመውጣቱ በፊት ተደብቄ እየዞርኩ አጠብቅ ነበር። በእጅ ብቻ የተጠመዘዙ አገኛለሁ። ጎማ ላይ። ፍሬን ላይ። አጠብቄ ዝም።

ዛሬ ማን ዞሮ አጠበቀ?

ታኅሣሥ 15

ሌላ ጋራዥ ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ወሬዬ ቀድሞኛል። "ጋሼ 'ቀጭኑን አድርግ ብዬው ነበር' ብለዋል" አለኝ አንዱ። ሌላው ከመኪና ሥር ሆኖ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!" አለ። ተሳሳቁ።

ደሜ ፈላ። እንጀራዬን ሰጠሁላቸው፣ ስሜን ሰጠሁላቸው፣ ደግሞ ይዋሹብኛል? ነገ ቤታቸው እሄዳለሁ። ፊት ለፊት።

ታኅሣሥ 16

ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። እጄን ያዙኝ፣ አልለቅም አሉ።

"ና ልጄ። ምነው ሳትሰማኝ ቀረህ? መጽሐፉን እይ አላልኩህም? ጠዋት ብርድ ነው፣ ቀጭኑን አድርግላት አላልኩህም?"

ዓይናቸው ውስጥ ውሸት ፈለግሁ። የለም። አንድ ጠብታ የለም። የነገርኳቸውን ሁሉ፣ እኔ ያነበብኩትን፣ የራሳቸው አድርገው ያስታውሱታል። ሞተሩን የፈታን ቀን ሲያዩኝም ፈርተው አልነበረም። ስለምን እንደምናወራ አያውቁም ነበር።

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። "አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ" አልኩ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ።

ልጃቸው እስከ ውጭ ሸኘችኝ። "ቁርስ በላሁ ወይ ብሎ ዛሬ አምስት ጊዜ ጠየቀኝ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሥራ ላይ እንዴት ነው አባዬ?"

"ደህና ናቸው" አልኳት፤ መባረሬን አልሰማችም። ምን ነካኝ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ታኅሣሥ 19

ሦስት ቀን ስብሰለሰል ከርሜ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት። ዘይቱን ያዘዙት ጋሼ መሆናቸውን፣ ብሎኖቹን፣ መርሳታቸውን። "ሥራውን ከእጃቸው አውጣው፣ ሰው ይሞታል" አልኩት።

ሰምቶኝ ሲያበቃ "ሰው ሊገድል የነበረውማ ያንተ ዘይት ነው" አለ። "ያን ቀን 'እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም' አልክ። ዛሬ እሳቸው ናቸው ትላለህ። የቱን ልመን?"

"የዛሬውን።"

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው ነገሩ! አንተንም እኔንም ሰው ያደረጉ ሽማግሌ... አታፍርም?"

"አንድ ብሎን ብቻ ሄደህ እይ" አልኩት። አልተነሳም። በሩን አሳየኝ።

እውነቴን ነው። ግን በውሸቴ ጊዜ አመነኝ፣ በእውነቴ ጊዜ አላመነኝም። በማን እፈርዳለሁ?

ታኅሣሥ 24

ከጋራዡ ወጣ ብሎ መታጠፊያው ላይ መቆም ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የጎማ መፍቻ ይዤ የሚወጣውን መኪና አስቆማለሁ። አብዛኛው አይቆምም። አንዷ መስታወቷን ዘግታ በሩን ቆለፈችብኝ። ዘበኛው "ለየለት" ሲል ሰማሁት።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ነጭ መኪና ቆመ። ከኋላ ሁለት ሕፃናት ተቀምጠዋል። "የፊት ጎማውን ልየው ብቻ" አልኩት ሰውየውን። ከአምስቱ ብሎኖች ሦስቱ በጣቴ ተፈቱ።

የሰውየው ፊት ዓመድ መሰለ። "አሁን ከዚህ መውጣቴ ነው! ማነው እንዲህ ያሰረው? ማነው?" ወደ ጋራዡ ሊሮጥ ዞረ።

ጋሼ ታዩኝ። ሰው ከብቧቸው፣ የሚጮህባቸው ነገር ሳይገባቸው ዓይናቸውን ሲያንከራትቱ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ማጥበቁን ረስቼ ነው ሮጬ የመጣሁት።"

ሰውየው አየኝ። ልጆቹን አየ። "አንተ ሰው ነህ?" አለኝ። ብሎኖቹን አጠበቅሁለት። ወደ ጋራዡ ሳይመለስ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ቤት ገብቼ ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ። ያ ሰው ተመልሶ ቢገባ ኖሮ አለቃዬ ያምነኝ ነበር። ማስረጃው እጄ ላይ ነበር። አንድ አፍታ ዝም ብል ይበቃኝ ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ሥራ ይገባሉ።